አልነጣም ያለው ጥርስ

«ቀንታባት ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል» አለች እናቴ። «ያኔም ቀንታባት ነው ቢጫ ጥርስ የሰካችባት።»

እኔ መታጠቢያ ቤት ፊቴን በሳሙና ሸፍኜ ቆሜያለሁ። የቤታችን ግድግዳ ስስ ነው፤ ሳሎን የተነገረ ነገር ሳይጎድል መታጠቢያ ቤት ይደርሳል። እናቴ አርባ ዓመት የኖረችበት ቤት ነውና ይህን አታውቅም ማለት አይቻልም፤ እንድሰማው ነው የተነገረው። ቧንቧውን ዘጋሁና የወንድሜን መልስ ጠበቅኩ። ታናሽ ወንድሜ ርዕሰ መምህር ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሰልፍ ላይ አንድ ሺህ ተማሪ ፊት ቆሞ ስለ እውነት ይናገራል፤ እናቱ ፊት ሲሆን ግን ጉሮሮውን ጠርጎ ዝም ይላል። ጉሮሮውን ጠረገ። የሻይ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ ሰማሁ። «የሆነው ሆኗል እማዬ፤ ብቻ እስከ ቅዳሜ ይስተካከል» አለ። ይቅር ማለቱ ነው እኮ። የሰው ጥፋት የተሸከመ የጨዋ ሰው ድምፅ ነው ያወጣው። ሳሙናው ዓይኔ ውስጥ ገባ።

ፎጣዬን ትከሻዬ ላይ ጥዬ ወጣሁ። ማንም አልደነገጠም። እናቴ ዳቦዋን ሻይዋ ውስጥ እየነከረች «ሰማሽ?» አለችኝ።

«ጎረቤትም ሰምቷል» አልኳት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ለወንድሜ ሽልማት ይሰጠዋል። የዓመቱ አርአያ ርዕሰ መምህር ተብሎ ተመርጧል፤ አዳራሽ ተይዟል፣ ፎቶ አንሺ ተጠርቷል፣ ሚስቱና ልጁም አብረውት መድረክ ይወጣሉ። የሽልማቱ ወረቀት «በሥራው፣ በጠባዩና በቤተሰብ አያያዙ» ይላል፤ እሱ ራሱ ነው ያስነበበኝ፣ ያውም ሁለት ጊዜ። እና መድረክ ላይ አጠገቡ የምትቆም ሚስት ጥርሷ በሻይ የወየበ መሆን የለበትም ብሎ አሰበ። ሚስቱን እኔና እናቴ በሌለችበት ወይዘሮ እሺታ እንላታለን፤ ምን ቢሏት መልሷ እሺ ነው። ስጦታ ነው ብሎ እኔ ሰው ሠራሽ ጥርስ የምሠራበት ክሊኒክ ወሰዳት፣ እሺ ብላ ሄደች። ሦስት ቀን ተመላለሰች፤ መድኃኒት ቀቧት፣ ሰማያዊ መብራት አበሩባት፣ የኔን የወር ደመወዝ የሚያህል ዋጋ አስከፈሉት፣ ጥርሷም ነጣ። ሁሉም ነጣ፣ ፊት ለፊት ካለው ከአንዱ በቀር። ያ አንዱ የኔ ሥራ ነው። ከሰባት ዓመት በፊት የሴራሚክ ዱቄት በውሃ አቡክቼ፣ ሽፋን በሽፋን ገንብቼ፣ ምድጃ ውስጥ ያበሰልኩት። ሴራሚክ ደግሞ በመድኃኒት አይነጣም፤ ሲሠራ የተሰጠውን ቀለም ይዞ ይኖራል። ይህንን ለእናቴ ለማስረዳት ሞከርኩ።

«ሳህን በረኪና ውስጥ ብትዘፈዝፊው ላዩ ላይ ያለው አበባ ይለቃል?»

«የኔ ሳህን ለቋል» አለች።

እውነቷን ነው፣ ለቋል። የገዛላት ወንድሜ ነው።

ወንድሜ ተነስቶ መስታወቱ ፊት ከረባቱን አስተካከለ፤ እናቴ ደግሞ እንደ ልጅ ኮሌታውን ከኋላ ገለበጠችለት። «እትዬ፣ ማንም አልወቀሰሽም» አለኝ በመስታወቱ ውስጥ እያየኝ። «ዘጠኝ ሰዓት ይዣት እመጣለሁ። እንደሌሎቹ አድርጊያትና ይለቅ።» አልወቀሰኝም አሉ። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ያፈራሁት ነገር ቢኖር አንድ ስም ነው፤ ያቺ ሴትዮ ቀለም አትስትም የሚል ስም። ቤት የለኝም፣ ባል የለኝም፣ የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው፤ ስሜ ግን አለኝ። ቅዳሜ ሦስት መቶ ሰው በተሰበሰበበት አዳራሽ የገዛ ወንድሜ ሚስት አፍ ውስጥ ያቺ አንዲት ቢጫ ጥርስ ከታየች፣ ማን ሠራው ተብሎ ይጠየቃል፤ እናቴ ደግሞ ማን እንደሠራው ለመናገር ወንበሯ ላይ ተዘጋጅታ ትጠብቃለች።

ክሊኒኩን ከፊት ሲያዩት መስታወት በመስታወት ነው። ነጭ ወንበር፣ ነጭ ግድግዳ፣ ጥርሷን እስከ መንጋጋዋ የምታሳይ ሴት ፎቶ፤ ከሥሯ «ፈገግታዎ ማንነትዎ ነው» የሚል ጽሑፍ። እኔ በዚያ በኩል አልገባም። በጎን፣ በቆሻሻ በርሜሎቹ አጠገብ፣ በብረት በር ነው የምገባው። የኔ ክፍል ድሮ መኪና ይቆምበት የነበረ ጋራዥ ነው፤ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ ምድጃ፣ ሲበራ የሚያጓራ አቧራ መሳቢያና አንድ ትልቅ መስኮት አለው። መስኮቱ ፀሐይ በቀጥታ አይገባበትም፤ ቀለም ለማየት ከዚህ የተሻለ ብርሃን በሕንፃው ውስጥ የለም። ስለዚህ እነዚያ ሽቶ የተቀቡ ደንበኞች ሁሉ ቀለም ሲመረጥላቸው ከመስታወቱ ወገን ተነስተው ወደኔ ጋራዥ ይመጣሉ። በሩ አጠገብ ሽቦ ተወጥሯል፤ ያላለቀ ሥራ ካርዱ እዚያ ላይ በመቆንጠጫ ይንጠለጠላል። የጥርሱ ቦታ፣ ቀለሙ፣ የጠፋበት ምክንያት ተጽፎበታል። ሐኪሙም፣ ነርሶቹም፣ ዕቃ የሚያመጣውም ሰውዬ ሲያልፉ ያነቡታል። ሥራው ሲያልቅ ካርዱ መሳቢያ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

የክሊኒኩን ባለቤት እሱ በሌለበት ዶክተር በረዶ እንለዋለን። ያገኘውን አፍ ሁሉ ያነጣል። የራሱ ጥርስ ከመታጠቢያ ቤት ገንዳ ይነጣል፤ ሲስቅ መጀመሪያ የምታየው እሱን ሳይሆን ጥርሱን ነው። በአራት ሰዓት ገደማ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ገባ፤ እንደ ልማዱ ሽቦው ላይ ያሉትን ካርዶች መነጽሩን ወደ ዓይኑ አውርዶ አንድ በአንድ አነበበ፣ መነጽሩንም መልሶ ግንባሩ ላይ ሰቀለው።

«የርዕሰ መምህሩ ባለቤት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ናት» አለኝ። «ካለው ሁሉ የነጣውን ስጪያት። ለዓርብ ይድረስ።»

«ገና ከትናንት በስቲያ እኮ ነው የጨረሰችው። ጥርሷ አልረጋም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ትንሽ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ዛሬ ለክቼ ከሠራሁ ያኔ የኔው ብቻ ነጥቶ ይቀራል።»

«ያኔ ደግሞ ሌሎቹን እናነጣቸዋለና» አለና በራሱ ቀልድ ሳቀ።

«ሴራሚክ እንደማይነጣ ነግረዋታል?»

«ለሁሉም ይነገራል። ይፈርማሉ። ወረቀት አለ» እያለ ወጣ። አላመንኩትም። ያቺን ወረቀት አውቃታለሁ፤ ጉንዳን በሚያክል ፊደል የተጻፈች፣ በሽተኛው አፉ ተከፍቶ ወንበር ላይ እንደተጋደመ የምትቀርብለት ወረቀት ናት። ገንዘቡን ተቀብሏል፣ ጥርሱን አንጥቷል፣ ጥፋቱ ጋራዥ ውስጥ ላለችው ሴትዮ ይሰጣል፤ እዚህ ቤት ሥራ የሚከፋፈለው እንደዚህ ነው።

ምሳ ሰዓት ሁሉም ሲወጡ የድሮውን ካርድ ለመፈለግ መሳቢያውን ከፈትኩ። ለመከራከሪያ ፈልጌው ነው። ያኔ የሰጠኋት ቀለም ልክ እንደነበረ በጽሑፍ ላሳያቸው። ካርዱ ጠርዙ ወይቦ ከታች ተገኘ። ላይኛው፣ ፊተኛው፣ የቀኙ። የቀለሙ ቁጥር፣ በእርሳስ የተሳለ የጥርሱ ሥዕል፣ የት ጋ ምን እንደተቀባ። ከዚያ ምክንያት በሚለው ቦታ፣ «ከደረጃ ወድቃ»። የእጅ ጽሑፉ የኔ ነው።

በዚሁ ብረት በር ነው ያን ቀን የገቡት። እሷ አፏን በሻርፕ ሸፍናለች፤ ወንድሜ ከኋላዋ የእጅ ቦርሳዋን ይዞላታል። በዕድሜው የሴት ቦርሳ ይዞ አያውቅም። «ከደረጃ ወደቀች» አለኝ። ያኔ የሚኖሩበት ኪራይ ቤት ምድር ላይ የተዘረጋ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበር፤ አንድም ደረጃ የለውም፣ ከበሩ ወደ ግቢው ሲወጣ እንኳ ወለሉ እኩል ነው። ስንት ቀን ውዬበታለሁ፣ እንደ ኪሴ አውቀዋለሁ። ከንፈሯ በአንድ በኩል ብቻ ተሰንጥቋል፣ ወንድሜ ደግሞ ቀኝ እጁን ከኪሱ አላወጣም። እኔ ምን አልኩ? የትኛው ደረጃ አላልኩም። እስክሪብቶዬን አንስቼ የነገረኝን ጻፍኩ። ከዚያ የዕድሜዬን ምርጥ ጥርስ ሠራሁ። ፍጹም የሆነ ጥርስ ሰው ያስጠረጥራልና፣ አጠገቡ ያለው ላይ የነበረችውን ፀጉር የምታህል ቡናማ ስንጥቅ እንኳ በቀጭን ብሩሽ ሳልኩባት፤ ሥሩን በሻይ የወየበ አስመሰልኩት፤ ላዩን እንደ መስታወት ለብጬ መጨረሻ ጊዜ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ሲገባላት ዶክተር በረዶ ራሱ የትኛው እንደሆነ መለየት አቃተው። እናቴ አገጯን ይዛ ወደ ብርሃን አዞረቻትና «አየሽ፣ ምንም አልሆንሽም» አለቻት። እኔም ኮራሁ። እግዜር ይይልኝ፣ ኮራሁ። አንድ ሰው የሚስቱን ጥርስ በቡጢ አውልቆ፣ እኅቱ እንዳይታይበት አድርጋ ስለሸፈነችለት ኮራች። ምሳዬን ሳልነካው መልሼ ከደንኩት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጡ። ወንድሜ መስታወቱ ወገን ነጩ ወንበር ላይ ቀረ፤ ሰው አውቆት እንኳን ደስ ያለህ እያሉት ይሆናል። ወይዘሮ እሺታ ብቻዋን ወደ ጋራዡ ገብታ መስኮቱ አጠገብ ያለው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። እኔ ከቀለም መለኪያዬ ጋር ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ፤ መለኪያው በሽቦ የተደረደሩ አሥራ ስድስት የናሙና ጥርሶች ናቸው። ቀለም የሚታየው አፍ እንደተከፈተ ወዲያው ነው፤ ከቆየ ጥርስ ይደርቅና ከእውነቱ በላይ ይነጣል። ከፈተች። ቀድሞ ስትስቅ እጇን አፏ ላይ ታደርግ ነበር፤ ዛሬ አላደረገችም። መሃል ላይ ያ የኔ ጥርስ ብቻውን ቡናማ ሆኖ ቆሟል። በማጉያ አየሁት። የኔ ቀለም ንቅንቅ አላለም፤ መድኃኒቱ ግን ላዩን ትንሽ አሻክሮታል፣ በሻከረው ላይ ደግሞ የትናንትና የዛሬ ሻይ ገብቶበታል። በፊት ከነበረውም ጠቁሯል።

«ይህ ሐኪም ተብዬ» አልኩ፣ ንዴቴን የማራግፍበት ፈልጌ፣ «ይህ እንደማይነጣ አስቀድሞ ሊነግርሽ ይገባ ነበር። ብር ካየ እኮ አፉ ይታሰራል።»

«ነገረኝ» አለች።

ማጉያውን ከዓይኔ አነሳሁ።

«መጀመሪያ ቀን ነው የነገረኝ። የተሠራው እንዳለ ይቀራል፣ ሌሎቹ ሲነጡ እሱ ይለያል፣ ሰው ያየዋል አለኝ። ሰው ያየዋል? አልኩት። አዎ አለኝ። ፈረምኩ።»

ሰውዬው አንድ ቀን እውነት ተናግሮ እኔ አላመንኩትም። መለኪያዬን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። ሃያ ዓመት ሙሉ ከእናቴ ጋር ሆኜ የቀለድኩባት ሴት ቀና ብላ እያየችኝ ነው፤ ድምፅዋ ከሌላው ቀን ከፍም ዝቅም አላለም።

«እትዬ፣ በጣም አሳምረሽ ነበር የሠራሽው» አለች። «ሰባት ዓመት ማንም ምን ሆነሽ ነው ብሎ አልጠየቀኝም። መስታወት ፊት ስቆም እኔ ራሴ የትኛው እንደሆነ ይጠፋኝ ነበር። አንዳንዴማ ምናልባት አልተደረገም ይሆናል እላለሁ። ትናንት ልጄ ጠየቀችኝ። እማ፣ ይሄ ጥርስሽ ለምን ተለየ አለችኝ። ከደረጃ ወድቄ አልኳት። የትኛው ደረጃ? ያኔ እኮ ቤታችን ደረጃ አልነበረውም አለችኝ።»

ልጅቷ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እኔ ሃምሳ ሦስት ሞልቶኛል፤ ያንን ጥያቄ ከሰባት ዓመት በፊት እዚሁ ተቀምጬ መጠየቅ ይገባኝ ነበር።

«ነገርሻት?»

«ነገርኳት። እሷም ስትሰማ አልገረማትም። እኔን የገረመኝ አለመገረሟ ነው። ሌላ ጥርስ እንዳትሠሪልኝ። ልለምንሽ ነው የመጣሁት።»

«ዛሬ ቤት ስትገቡ ምን ሊያደርግሽ ነው ታዲያ?»

«አንገባም። ልጄ ሻንጣችንን እኅቴ ጋ ወስዳለች። ቅዳሜ ግን እመጣለሁ፤ ተጠርቼ የለ? ልጄም ትመጣለች። አጠገቡ ቆሜ እስቃለሁ።»

እንዲያው መሟገት አማረኝ። አሥር ሰው ስለ ጥርስሽ ቢጠይቅሽ ዘጠኙ ስለኔ ነው የሚያወራው፣ ስሜን ነው የምትወስጂብኝ ልላት አፌ ላይ ደረሰ። ደግሞም እውነት ነው፣ ስሜን ነው የምትወስድብኝ። ግን በዚያ ስም ምን እንደሠራሁበት ካርዱ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ እያየኝ ነበር። ዋጥኩት።

ወንድሜ ሳያንኳኳ ገባ። ሰዓቱን እያየ «አለቀ?» አለ።

«አልተጀመረም። ጥርሷ እስኪረጋ ሁለት ሳምንት ይፈጃል።»

«ቅዳሜ እኮ ነው እትዬ። ለአንድ ቀን የሚሆን ነገር የለም? ከላይ የሚቀባ ነገር?»

የሚቀባ ነገርማ አለ። ሦስተኛው መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ነጭ ቅብ ነው፣ በመብራት ይደርቃል፣ ለሁለት ሦስት ቀን ይይዛል። የለም ብል ያምነኛል፤ በዚህ ጉዳይ ከማንም በላይ የሚያምነው እኔን ነው። መዋሸት ግን ሰልችቶኝ ነበር።

«አለ» አልኩት። «ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ግን አልቀባም።»

ጉሮሮውን ጠረገ። «ሰው ምን ይላል?»

«ቴክኒሻኗ ቀለም አታውቅም ይላሉ። ይበሉ።»

«እኔን ነው የምለው።»

«አንተንማ ይጠይቁሃል» አልኩት። «የትኛው ደረጃ እንደሆነ ትነግራቸዋለህ።»

መጀመሪያ ያደረገው ነገር ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። እኔን አላየም፣ ሚስቱን አላየም፤ ዞሮ በሩ መዘጋቱን አየ። ከዚያ ያንን የሰልፍ ድምፁን አወጣና፣ ቀስ ብሎ፣ «ተነሺ እንሂድ፤ ሌላ ክሊኒክ ሞልቷል» አላት። ወይዘሮ እሺታ አልተነሳችም። ካርዱን ከጠረጴዛው አነሳሁና «ከደረጃ ወድቃ» የሚለውን በእስክሪብቶ ሰረዝኩት፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ ነበር የሰረዝኩት። ካርዱንም እስክሪብቶውንም ሰጠኋት።

«እዚህ ጋ የተሳሳተ ነገር ጽፌያለሁ» አልኳት። «አንቺ አርሚው።»

ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጻፈች። እንደ ተማሪ ፊደሉን እያስተካከለች፣ ሳትቸኩል ነው የጻፈችው። ወንድሜ አንገቱን አስግጎ ሲያነብ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ እጁን ወደ ካርዱ ሰደደ። መሃላቸው ገባሁ። ሰባት ዓመት ዘግይቼ ነው የገባሁት፤ ለዚህ ማንም እንዲያመሰግነኝ አልፈልግም። እሷ በጎኔ አለፈችና ካርዱን በሩ አጠገብ ካለው ሽቦ ላይ፣ ከሌሎቹ ያላለቁ ሥራዎች ጋር፣ በመቆንጠጫ ሰቀለችው። ቀጥ ማለቱንም አየች። «ባሌ በቡጢ መታኝ» ይላል፤ የጥርሱ ቦታና የቀለሙ ቁጥር ከሥሩ አለ።

በሩ ተከፈተና ዶክተር በረዶ ሁለት እጁን ዘርግቶ ገባ። «ክቡር ርዕሰ መምህር፣ እንኳን ደስ ያለዎት» አለ፤ እጁን ጨብጦ ብዙ ወዘወዘው። ወንድሜ ጉሮሮውን ጠረገ። ሐኪሙ ወደኔ ዞሮ «እህስ፣ ለዓርብ ይደርሳል?» አለኝ።

«ካርዱ ሽቦው ላይ ነው» አልኩ።

ዶክተር በረዶ መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ አወረደና፣ እንደ ልማዱ ከመጀመሪያው ካርድ አንስቶ ማንበብ ጀመረ።